ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የገባችሁ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙብኝ

እኔ እዚህ ኢንግላንድ ኢንጂነሪንግ በዲግሪ አፕረንቲስሺፕ (ድርጅት ውስጥ እየተከፈለህ እየሰራህ ዲግሪህን የምትማርበት) ነው የጨረስኩት፣ አሁን ደግሞ አዲስ የሚገቡትን የማለማምደው እኔ ነኝ። ሴፕቴምበር ላይ እየሳቁ ይመጣሉ፣ ጃንዋሪ ላይ ፈተና ሲደርስ ያው ለቅሶ ነው። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ደሜን የሚያፈላው የመጀመሪያው፦ የትምህርት ቀናችሁን ለስራ አሳልፎ መስጠት። "ረቡዕ ክላስ አለኝ ግን ማናጀሬ ሰው ጎድሏል ዛሬ ብቻ ና አለኝ።" ዛሬ ብቻ ሚባል ነገር የለም! አንዴ ከሄዳችሁ በሚቀጥለውም ሳምንት የምትጠሩት እናንተ ናችሁ፣ እምቢ የማይለው ማን እንደሆነ ታውቋላ። አንዱ ልጅ በይሉኝታ ስድስት ሳምንት ረቡዕ ረቡዕ የፋብሪካው ማምረቻ መስመር ላይ ቆሞ ዋለ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ወደቀ፣ ማናጀሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ለምን አልነገርከኝም" ብሎት እርፍ።

እና ህጉን እወቁት። ኦፍ ዘ ጆብ ስልጠና (ከዕለት ስራችሁ ወጥታችሁ የምትማሩት) በሚከፈላችሁ መደበኛ የስራ ሰዓት ውስጥ ነው መሰጠት ያለበት፣ የግድ ከሰዓት ውጪ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ሊካካስላችሁ ይገባል። መጠኑ ድሮ ከስራ ሰዓት 20 በመቶ ነበር፣ ከኦገስት 2022 ጀምሮ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ሆነ፣ ከኦገስት 2025 ወዲህ ለጀመሩ ደግሞ እያንዳንዱ ስታንዳርድ (የየሙያው የአፕረንቲስሺፕ ዝርዝር) የራሱ የሰዓት ቁጥር ወጥቶለታል። (ስኮትላንድ ያላችሁ፣ የናንተ ግራጁዌት አፕረንቲስሺፕ ነው የሚባለው፣ ደንቡም ሌላ ነው።) "የምናስተምርህ እኛ ነን" እያለ የሚያሸማቅቃችሁ ካለ ደግሞ፣ የትምህርቱን ክፍያ አፕረንቲሱን ማስከፈል አይፈቀድም፣ የደሞዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ ድርጅቶችም ከ2017 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ 0.5 በመቶ ሌቪ የሚባል ግብር ይከፍላሉ። ውለታ አልዋሉላችሁም። በጨዋ አፍ "ረቡዕ ክላስ ነኝ፣ ሐሙስ በጠዋት ገብቼ አየዋለሁ" በቃ።

ሁለተኛው ሎግ (የተማራችሁትንና ሰዓቱን የምትመዘግቡበት) ሳይሞሉ ማጠራቀም። ይቺን እኔም ሰርቻታለሁ። ሶስት ወር ሙሉ ሳልነካው ቆይቼ ሪቪው (እድገቴ የሚገመገምበት ስብሰባ) ነገ ሊሆን እሁድ ማታ ካሌንደርና የድሮ ኢሜይል እያገላበጥኩ የሞላሁት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። "ሲኤንሲ ማሽን ላይ ሰራን፣ ብዙ ተማርኩ።" ኮቼ አየት አደረገውና "ሰራን? እነማን?" አለኝ። መልሼ ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦ "የዘንጉ ዲያሜትር ከቶለራንሱ በ0.03 ሚሊሜትር ወጥቶ አገኘሁት፣ የቱሉ ጫፍ ተበልቶ ነበር፣ ኦፍሴቱን አስተካክዬ ቀጣዮቹን አምስት ለካኋቸው።" ልዩነቱ ታያችሁ? መጨረሻ ላይ ኢንድ ፖይንት አሴስመንት የሚፈትናችሁ ሰው የሚፈልገው እናንተ ምን እንዳያችሁና ምን እንደወሰናችሁ ነው፣ ቲሙን አይደለም። አርብ ከመውጣታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ይበቃል። አሳይመንት የምትጽፉበት ሰዓት እንደ ኦፍ ዘ ጆብ ይቆጠራል፣ የሪቪው ስብሰባው ግን አይቆጠርም፣ ብዙዎች እሱን ጨምረው ይሞሉና በኋላ ሲቀነስባቸው ይደነግጣሉ።

የድርጅቱን ድሮዊንግ ሳያስፈቅዱ አሳይመንት ውስጥ መለጠፍ፦ በፍጹም። ማናጀራችሁን በጽሁፍ ጠይቁ።

የአመት እረፍታችሁን በሙሉ ኦገስት ላይ አትጨርሱ፣ ለሪቪዥን ሁለት ሶስት ቀን አስቀሩ።

ቢቴክ (የሙያ ትምህርት) ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እናንተን በጣም ነው የምወዳችሁ፣ ማሽን ፊት ስትቆሙ በኤ ሌቭል (በቀለም ትምህርቱ) ከመጡት እጃችሁ ይፈጥናል። ግን የመጀመሪያ አመት ማትስ ላይ ኢንቴግሬሽን "ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ" አትበሉ፣ ፍሉድ ሜካኒክስም ኮንትሮልም እሱኑ ይዘው ነው የሚመጡት። ለእርዳታ የተቀመጠ የማትስ ሰፖርት ክፍል ያለው ዩኒቨርስቲ ብዙ ነው፣ ማንም አይስቅባችሁም፣ ሂዱ።

የመጨረሻ አመት ፕሮጀክት ደግሞ ዳታው ከፋብሪካው የሚመጣ ከሆነ ከአመት በፊት ጠይቁ። አንዷ ልጅ የቫይብሬሽን መለኪያ ሴንሰር እስኪገዛላት ስትጠብቅ ግማሽ ሴሚስተር አለፈባት።

ቴርሞ የወደቀው ልጅ ሪሲቱን (ድጋሚ ፈተናውን) አለፈ። አሁን ረቡዕ ስደውልለት ስልክ አያነሳም፣ ለኔም ቢሆን።