ሺስት ምን ያህል ሙቀት እንዳየ በጥቃቅን ማዕድናቱ እንዴት ይለያል?

ሺስት ምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ቅጠላማ አለት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ መሬት ብትቆፍሩ አታገኙትም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በፈጠረው አለት ላይ ነው። ሺስት የፈለገ ናሙናውን ከአዶላ፣ ከወለጋ ወይም ከትግራይ ያስመጣል።

ድንጋዩ እጃችሁ ሲገባ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። ፒያሳ ወርቅ ሰሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚደግኑት ዓይነት ይበቃል። በመዶሻ ስበሩትና አዲሱን ገጽ ፀሐይ ላይ እዩት። ዝናብ የበላው ውጪው ያሳስታል።

መጀመሪያ ትልልቆቹን ማዕድናት ለዩ። ከጭቃ የመጣ ሺስት እየጋለ ሲሄድ በተራ የሚወጡት ክሎራይት፣ ባዮታይት፣ ጋርኔት፣ ስቶሮላይት፣ ካያናይት፣ በመጨረሻም ሲሊማናይት ናቸው። የዚህን ተራ መሠረት በ1893 እ.ኤ.አ. የጣለው ጆርጅ ባሮው ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ።

ከዚያ ወደ ጥቃቅኖቹ። ቢጫ ነገር ካብረቀረቀ ወርቅ ነው ብላችሁ እንዳትዘሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የሰልፈር ማዕድን ነው። ሙቀት ሲጨምር ሰልፈር ይለቅና ፒሮታይት ይሆናል። ቀለሙ ወደ ነሐስ ያደላል፣ ብዙ ጊዜ ማግኔትም ይስበዋል። ማግኔታይትም ስለሚሳብ ግን ቀለሙን ሳታዩ አትፍረዱ፤ እሱ ጥቁር ነው።

ቲታኒየም የያዙትም ይቀያየራሉ። በዝቅተኛ ሙቀት ቀይ ቡናማው ሩታይል ይታያል፤ ሲግል ቦታውን ለጥቁሩ ኢልመናይት ይለቃል። ግፊቱ ከበረታ ሩታይል ሊመለስ ስለሚችል፣ እሱን ብቻ ይዞ ሙቀት መገመት አያዋጣም።

ዋናው ጨዋታ ያለው ማይክሮስኮፕ ስር ነው። ድንጋዩን 0.03 ሚሊሜትር እስኪሳሳ አስፍቁና ባዮታይቱን እዩ። ቡናማ ቅጠል ላይ ጠቆር ያለ ክብ ጥላ ካገኛችሁ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ፍሬ ዚርኮን ወይም ሞናዛይት ልትሆን ትችላለች። ጥላው የዩራኒየምና የቶሪየም ጨረር የጎዳው ቦታ ነው። ዚርኮንንና ሞናዛይትን መለየት ግድ ነው። ዚርኮን ከጥንቱ አሸዋ ጋር የመጣ ሊሆን ስለሚችል መኖሩ ብቻ ስለ ሙቀቱ ምንም አይነግራችሁም። ሞናዛይት ግን ይናገራል፦ ቀደም ብሎ የነበረው አላናይት የተባለ ማዕድን ይፈርስና ስቶሮላይት በሚወጣበት አካባቢ፣ በግምት ከ500 እስከ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሞናዛይት ይተካዋል። በዓይን ከተምታቱባችሁ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይገላግላችኋል፤ ሞናዛይት እዚያ ከዚርኮን በላይ ደምቆ ይታያል።

ካልሲየም በበዛበት ድንጋይ አላናይት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ናሙናዎችን ስታወዳድሩ ከአንድ ዓይነት ጭቃ የመጡትን ምረጡ።