በብርድ ወቅት በሐይቅ ዳር ለምትነዱ

በረዶ በሚጥልበት ወቅት በገጠር ሐይቅ ዳር ለቀን ሽርሽር የምትነዱ ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ የምፈራላችሁ አስፋልቱ ላይ የተጋገረውን የማይታይ በረዶ ነው። ከውሃው የሚነሳው ጉም መንገዱን ያረጥበዋል፤ ብርዱ ደግሞ ያንን እርጥበት እንደ መስታወት ስስ አድርጎ ያጋግረዋል። ከሩቅ ሲያዩት እርጥብ አስፋልት ብቻ ነው የሚመስለው። የመኪናው ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ ቢያሳይም አትዘናጉ፤ የሚለካው አየሩን እንጂ መንገዱን አይደለም። በተለይ ድልድይ ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይሠራል። ዛፍ ወይም ገደል ያጠላበት ኩርባ ላይ ያለው ደግሞ እኩለ ቀን ሆኖም ላይቀልጥ ይችላል። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። መኪናው ከተንሸራተተ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጡ፣ መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁን ይወጋል። ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ውጡ፤ ቶሎ ይመሻል። ደግሞ እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ መኪና ይዛችሁ አትግቡ!