ልጃችሁ በቁመት ከእኩዮቹ ሲያንስ እንዴት ትደግፉታላችሁ?

ድሬዳዋ ላይ ቅጽል ስም ለማውጣት የሚቀድመን የለም። ቁመቱ ያነሰ ልጅ ደግሞ ገና ሰፈር ሳይወጣ "ድንክ" ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ያለውን አፍ ዝጉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከታናሹ ጋር ጎን ለጎን አታቁሙት። አጎቱ ሊቀልድበት ከጀመረ እዚያው፣ ልጁ እየሰማ፣ "አቦ ተወው!" በሉት።

ቀጥሎ ልብሱ። "ያድግበታል" ብላችሁ ሰፊ ሱሪ አትግዙለት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠቀለለ ሱሪ ይበልጥ ያሳጥረዋል፣ እሱም ያውቀዋል። በልኩ አሳጥሩለት፤ ሐረር ከሆናችሁ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ሞልቷል።

ከዚያ ለኩት። ጫማውን አውልቆ ተረከዙንና ትከሻውን ግድግዳ አስነክቶ ፊት ለፊት እያየ ይቁም። ጠፍጣፋ መጽሐፍ አናቱ ላይ በአግድም አድርጋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ከነቀኑ ጻፉ። በየ6 ወሩ ይበቃል፤ በየሳምንቱ መለካት ማስጨነቅ ብቻ ነው። ሁሌም ጠዋት ይሁን፣ ሰው ማታ ማታ ትንሽ ያጥራል።

አድጎ ስንት እንደሚደርስ ለመገመት የእናትና የአባትን ቁመት ደምራችሁ 13 ሴንቲ ሜትር ጨምሩና ለ2 አካፍሉ። አባት 168፣ እናት 155 ከሆኑ 168 ይመጣል። ግምት ነው፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። አባቱንም መቼ እንደተመዘዘ ጠይቁት፤ ዘግይቶ ማደግ በዘር ይሄዳል፣ እንዲህ ያለው ልጅ ጓደኞቹ ካቆሙ በኋላም ያድጋል። ግን "አይዞህ ትረዝማለህ" ብላችሁ ቃል አትግቡለት።

ምግቡ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ የባቢሌ ኦቾሎኒም ይሁን። ጎረምሳ ከሆነ በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ይተኛ። ጫት ግን በፍጹም! የምግብ ፍላጎቱንም እንቅልፉንም ይወስድበታል። በስልክ የሚሸጥ "ቁመት ጨማሪ" ኪኒን ገንዘባችሁን ነው የሚበላው።

በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ፣ 14 ሞልቶት የጉርምስና ምልክት ከሌለው፣ ወይም ከሲታ ሆኖ ሆዱን ቶሎ ቶሎ ካመመው ግን አትጠብቁ፣ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ብዙ ጊዜ የግራ እጁን ራጅ ያነሱታል፣ የአጥንቱ ዕድሜ ከዚያ ይታወቃል። ደምም ይመረመራል፤ የእንቅርት ዕጢ ችግር እድገትን ይይዛል። የለካችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያም ስትደርሱ ልጁ ራሱ ይጠይቅ፣ ሐኪሙ ሲጠይቀውም እናንተ ከእሱ ቀድማችሁ አትመልሱለት።