ብዙ ትሬድ ባለበት ፕሮግራም አንድን ነገር አንዴ ብቻ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ኅዳር ላይ ጅማ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ቡና ላይ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ጋ ሰልፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጋሮ መንገድ ላይ ላለ አንድ ጣቢያ የሚዛን ፕሮግራም በጃቫ ጻፍኩ። ሦስት ልጆች ኪሎውን በስልካቸው ያስገባሉ። ሰርቨሩ በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ ደረሰኝ ያወጣል። የዋጋ ሰንጠረዡ ከፋይል የሚነበበው የቀኑ የመጀመሪያ ጥያቄ ሲመጣ ነበር።

ለሳምንታት ደህና ሠራ። አንድ ቀን ግን አንድ እናት የ43 ኪሎ ደረሰኝ ይዘው መጡ። ዋጋው 0 ብር ይላል። «ልጄ፣ ቡናዬ ዋጋ የለውም ማለት ነው?» አሉኝ። ሒሳባቸው ወዲያው በእጅ ተስተካክሎ ተከፈላቸው። ጥያቄያቸው ግን አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ መዝገቡን ሳየው ከሳቸው ቀጥሎ የቆሙት ሰው ደረሰኝ ትክክል ነው። ሁለቱም ደረሰኞች የወጡት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው። የቀኑ የመጀመሪያዎቹም እነሱ ናቸው።

ኮዴ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነበር፦ ሰንጠረዡ ከሌለ አዲስ ሰንጠረዥ ፍጠር፣ ከፋይሉ እያነበብክ ሙላው፣ ከዚያ ስጥ። አንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ብቻ ቢኖር እንከን የለበትም። ሁለት ትሬድ እኩል ሲገቡ ግን ሁለት ዓይነት ጥፋት ይመጣል። አንደኛው፣ ሁለቱም «የለም» ብለው ሁለት ሰንጠረዥ ይፈጥራሉ። ይሄ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው። የመጀመሪያው ትሬድ ሰንጠረዡን ፈጥሮ ገና እየሞላ ሳለ ሁለተኛው «አለ» ብሎ ይጠቀምበታል። የእኚያ እናት ቡና ደረጃ ገና አልተጻፈም ነበር። ያልተገኘ ዋጋ እንደ 0 እንዲቆጠር ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ቡና ሲፈላ እያየ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጧል ማለት ቡናው ሰክኗል ማለት አይደለም። ቸኩሎ የቀዳ ስኒው ውስጥ አተላ ያገኛል። የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አንድ ሰው ብቻ ያፍላ፣ ሌላው ደግሞ እስኪሰክን ይጠብቅ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ «ዝግጅቱን እስኪፈለግ ማዘግየት ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው ይሄን ደረጃ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር። ነገሩ ትንሽ ከሆነና ሁልጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ገና ትሬዶች ሳይፈጠሩ አዘጋጁት። ጃቫም፣ ጎም፣ ሲ ፕላስ ፕላስም ከትሬዱ መነሳት በፊት የተሠራውን ሥራ አዲሱ ትሬድ እንደሚያየው ዋስትና ይሰጣሉ። ሎክ (አንድ ትሬድ ሲይዘው ሌላው እስኪለቀቅ የሚጠብቅበት ቁልፍ) የለ፣ ጭንቀት የለ። የኔ የዋጋ ፋይል ጥቂት መስመር ነበረች። እስከ መጀመሪያው ደንበኛ ድረስ የማቆይበት አንድም ምክንያት አልነበረኝም።

ማዘግየት ተገቢ የሚሆነው ነገሩ ከባድ ሆኖ አንዳንዴ ብቻ ሲፈለግ ነው። ወይም ላይብረሪ ስትጽፉና የፕሮግራሙ መነሻ በእጃችሁ ሳይሆን ሲቀር። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በተለያዩ ፋይሎች ያሉ ግሎባል ኦብጀክቶች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚዘጋጁ ዋስትና የለም። አንዱ ሌላውን የሚፈልግ ከሆነ ግሎባል አታድርጓቸው።

ደረጃ 2፦ ቋንቋው የሰጣችሁን መሣሪያ ውሰዱ

ይሄን ችግር ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ተሰቃይቶበታል። መፍትሔው ቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል።

ጃቫ ላይ እኔ የምወደው ትንሽ የውስጥ ክላስ ሠርቶ ነገሩን እዚያ ውስጥ ስታቲክ ማድረግ ነው። ክላሱ የሚዘጋጀው መጀመሪያ በተነካ ጊዜ ነው። አንዴ ብቻ እንደሚዘጋጅ፣ ሌሎች ትሬዶችም እስኪያልቅ እንደሚጠብቁ ጃቫ ራሱ ዋስትና ይሰጣል። እናንተ አንድም ሎክ አትጽፉም።

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ከ2011 ስታንዳርድ ጀምሮ በፋንክሽን ውስጥ ያለ ስታቲክ ቫሪያብል ተመሳሳይ ዋስትና አለው። ኦብጀክት ለማዘጋጀት ሳይሆን አንድ ሥራ አንዴ ለማስኬድ ከፈለጋችሁ ኮል ዋንስ የሚባለው አለ። በንጹህ ሲ ደግሞ ፒትሬድ ዋንስን ተጠቀሙ።

ጎ ላይ ሲንክ ፓኬጅ ውስጥ ያለው ዋንስ ነው። በ2023 የወጣው 1.21 ደግሞ ዋንስ ቫልዩን ጨመረ፤ ፋንክሽን ትሰጡታላችሁ፣ ውጤቱን ይዞ ደጋግሞ ይሰጣችኋል። ሲ ሻርፕ ላይ ሌዚ የሚባለው ከ2010 ጀምሮ አለ። ረስት ላይ ዋንስሎክ በ2023፣ ሌዚሎክ በ2024 ወደ ስታንዳርድ ላይብረሪው ገብተዋል።

ፓይተን ላይ ቀላሉ መንገድ በሞጁል ደረጃ ማስቀመጥ ነው፤ ሞጁል የሚጫነው አንዴ ነው፣ ሲጫንም ሎክ አለው። ውጤት የሚይዘውን የካሽ ዲኮሬተር ግን ለዚህ ሥራ አትመኑት። ሁለት ትሬድ እኩል ከገቡ ፋንክሽኑ ሁለቴ ሊጠራ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሎክ በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ቀላሉን ጻፉ

አንዳንዴ የተዘጋጀው መሣሪያ አይመችም። ያኔ ፋንክሽኑን በሙሉ በአንድ ሎክ ውስጥ አስገቡት፦ ሎኩን ያዝ፣ ካለ ስጥ፣ ከሌለ አዘጋጅና ስጥ። ትክክል ነው፤ አለቀ። ፍጥነቱ አያሳስባችሁ። ማንም የማይጋፋበት ሎክ ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ በታች ነው የሚወስደው።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ካሉ ተማሪዎች ጋር ኮድ ስናይ ደጋግሞ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። «ሎኩ ሁልጊዜ ለምን ይያዛል?» ብለው ከሎኩ ውጪ አንዴ ይፈትሻሉ። ከሌለ ሎኩን ይዘው እንደገና ይፈትሻሉ፣ ከዚያ ይፈጥራሉ። ስታዩት ጥርት ያለ ነው። እንዲህ እንደ ወረደ ከተጻፈ ግን የተሰበረ ነው፣ ለምን እንደሆነም መረዳት ይገባል።

«አዲስ ኦብጀክት ፍጠርና ቫሪያብሉ ውስጥ አስቀምጥ» ስትሉ ውስጡ ሦስት ሥራ አለ። ሚሞሪ ላይ ቦታ መያዝ፣ ቦታውን መሙላት፣ አድራሻውን ቫሪያብሉ ላይ መጻፍ። እኛ በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ይመስለናል። ኮምፓይለሩም ፕሮሰሰሩም ግን ለዚያ ትሬድ ውጤቱ እስካልተለወጠ ድረስ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ይችላሉ። ስለዚህ አድራሻው ቀድሞ ሊጻፍ፣ መሙላቱ ሊከተል ይችላል። ከሎኩ ውጪ የሚፈትሸው ሁለተኛ ትሬድ አድራሻውን ያያል፣ «አለ» ይላል፣ ያልሰከነውን ይቀዳል።

ጃቫ ላይ ቫሪያብሉን «ቮላታይል» በሚለው የቋንቋው ቃል ማወጅ ችግሩን ይፈታል፤ ይሄም የሆነው የሚሞሪ ሕጉ ተሻሽሎ በ2004 ጃቫ 5 ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቮላታይል እንኳ አያድንም ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ግን ቮላታይል ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ እዚያ የሚያስፈልገው አቶሚክ (ሌላ ትሬድ ግማሽ ላይ ሊያየው የማይችል ቫሪያብል) ነው። ሌላም ነገር አለ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ሚሞሪ ላይ የሚጻፈውን በቅደም ተከተል ስለሚያሳይ ስህተቱን ሊደብቅላችሁ ይችላል። ስልኮች ላይ ያለው አርም የሚባለው ፕሮሰሰር ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ላፕቶፕ ላይ ዓመት የሠራ ኮድ ስልክ ላይ በአንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ዝግጅቱ ባይሳካስ?

እኛ አገር ይሄ ጥያቄ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ከዳታቤዙ ማሽን ቀድሞ ይነሳል። የመጀመሪያው ግንኙነት ይከሽፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ መሣሪያው ይለያያል።

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ኤክሴፕሽን ከተነሳ ዝግጅቱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትሬድ እንደገና ይሞክራል። ጎ ላይ ዋንስ ፋንክሽኑ ቢከሽፍም «ተጠርቷል» ብሎ ይዘጋል፣ ዳግም አይጠራውም። ሲ ሻርፕ ላይ ፋንክሽን የሰጣችሁት ሌዚ በተለመደው አሠራሩ ስህተቱን ይይዝና ያንኑ ስህተት ደጋግሞ ይሰጣል። ጃቫ ላይ የክላሱ ዝግጅት አንዴ ከከሸፈ ክላሱ ለዚያ ፕሮግራም ሞተ ማለት ነው፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ከማስነሳት ሌላ መንገድ የለም።

ስለዚህ ኔትወርክና ዳታቤዝ የሚነካ ነገር ከሆነ የኔ ምክር የደረጃ 3 ቀላል ሎክ ነው። ካልተሳካ ቫሪያብሉን ባዶ ተዉት፣ ቀጣዩ ይሞክር። የአንዴ ብቻ መሣሪያዎቹን ለማይከሽፍ ነገር አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ዝግጅቱ ራሱን እንዳይጠራ

ይሄ አጭር ነው። የጎ ዋንስ ውስጥ ሆናችሁ ያንኑ ዋንስ ከጠራችሁ ፕሮግራሙ ለዘላለም ይቆማል፤ ራሱን ይጠብቃልና። ጃቫ ላይ በዝግጅት ጊዜ አንዱ ሌላውን የሚነካ ሁለት ክላስ በሁለት ትሬድ ከተጀመሩ ተያይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። በዝግጅቱ ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ንኩ።

ደረጃ 6፦ ካለቀ በኋላ አትነካኩት

ከላይ ያሉት ሁሉ የሚጠብቁት ዝግጅቱን ብቻ ነው። የቡና ዋጋ እኩለ ቀን ላይ ቢቀየርና ያለውን ሰንጠረዥ መሰረዝ መደለዝ ብትጀምሩ ያው አሮጌው ችግር ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ሰንጠረዥ ለብቻው ሠርታችሁ ጨርሱ። ሲያልቅ ቫሪያብሉን በአንድ አቶሚክ ጽሑፍ ወደ አዲሱ አዙሩት። አሮጌውን ይዞ የነበረ ትሬድ በአሮጌው ይጨርሳል፣ ቀጣዩ አዲሱን ያገኛል።

ደረጃ 7፦ ሆን ብላችሁ አጋፏቸው

ዝግጅቱ ውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። ከቆጣሪው ቀጥሎ 200 ሚሊ ሰከንድ የሚያስተኛ መስመር ጨምሩ፤ ይሄ ክፍተቱን ያሰፋዋል። 50 ትሬድ አስነሱና ሁሉንም አንድ በር ላይ አቁሟቸው፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቋቸው። ቆጣሪው 1 መሆን አለበት። ሃምሳዎቹም ያገኙት ነገር ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኔ የመጀመሪያ ኮድ በዚህ ሙከራ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ።

ጎ የራሱ የሬስ (የትሬዶች ግጭት) መፈተሻ አለው። ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ ክላንግና ጂሲሲ ውስጥ ትሬድ ሳኒታይዘር አለ። እነዚህ ሙከራው ያላየውን ጭምር ያሳያሉ፣ ተጠቀሙባቸው። ሙከራው ስላለፈ ብቻ ግን አትተኙ፤ የቅደም ተከተል ስህተት ከሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ ሊታይ ይችላል።

የጣቢያው ፕሮግራም አሁን የዋጋ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ፣ ስልኮቹ ሳይገናኙ ነው። ፋይሉ ካልተነበበ ሰርቨሩ አይነሳም። ዋጋው ያልተገኘ ደረጃ ከመጣም 0 አይጻፍም። ደረሰኙ አይወጣም፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ልጅ ስክሪን ላይ «ዋጋ አልተገኘም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል።