ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለየው ፍለጋ ለምን ይንቀራፈፋል? ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ዳታው ትንሽ ሳለ ፍለጋው ፈጣን ነበር። ቴብሉ (የዳታቤዙ ሰንጠረዥ) ሲያብጥ ገጹ መሽከርከር ጀመረ። የአንድ ተጠቃሚን ኢሜይል ልክ እንደተመዘገበው ብትፈልጉት ግን አሁንም ወዲያው ይመጣል። የሚጎተተው ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ እንዲፈልግ ስታዙት ብቻ ነው።

ሰርቨር ለመቀየር አትሩጡ። ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ) በኤክስፕሌን አናላይዝ አስኪዱት፤ ጥያቄው እንዴት እንደተፈጸመ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። «ሴክ ስካን» የሚል ካያችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ በፊልተር የተጣሉት ረድፎች ቁጥር ሰማይ ከነካ፣ ነገሩ ታውቋል። አንድ ሰው ለማግኘት ቴብሉ በሙሉ እየተነበበ ነው።

መንስኤ፦ ኢሜይል ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ (ቶሎ ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) የሚያውቀው እንደተጻፈ የተቀመጠውን ጽሑፍ ነው። እናንተ የምትጠይቁት ሎወር(ኢሜይል)ን፣ ማለትም ፊደሉ ሁሉ ወደ ትንሽ የተቀየረውን ነው። ያ ውጤት ኢንዴክሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዳታቤዙ ረድፉን እያነሳ፣ ፊደሉን እየቀየረ፣ እያወዳደረ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

መፍትሄ፦ ፖስትግሬስ ላይ ኢንዴክሱን በራሱ በሎወር(ኢሜይል) ላይ ሥሩት። ከዚያ ቴብሉን አናላይዝ (ስታቲስቲክስ ሰብሳቢው ትእዛዝ) አድርጉት። ይህን ሁሉም ይዘለዋል። ኢንዴክሱ ሲሠራ የሎወር(ኢሜይል) ስታቲስቲክስ አብሮ አይሰበሰብም፤ ያለሱ ደግሞ ፕላነሩ (ኩዌሪው በየት መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው የዳታቤዙ ክፍል) በግምት ነው የሚሠራው።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይደርሳል። ደጋግሜ የማየው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ ኢንዴክሱ አለ፣ ግን አይነካም።

አንድ ቡድን «ኢንዴክስማ አለን!» ብሎ ድርቅ አለ። እውነትም አላቸው፣ በሎወር የተሠራ። ሜሞሪ ጨምረዋል፣ ካሽ ደርበዋል፣ ለውጥ የለም። የኩዌሪ ሎጉን ስንከፍት ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው አፐር(ኢሜይል)፣ ማለትም ፊደሉን ሁሉ ትልቅ የሚያደርገው ነው። የሚጠቀሙት ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ነበር። ፊደል ሳይለዩ የሚፈልጉት የጃንጎ «አይኤግዛክት» እና «አይኮንቴይንስ» ፖስትግሬስ ላይ ሁለቱን ወገን በአፐር ጠቅልለው ነው የሚልኩት። ለእኛ ሎወርም ሆነ አፐር ያው ነው። ለፕላነሩ ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ኢንዴክሱን በአፐር ስንሠራው ፍለጋው ተፈታ። ወራት ሙሉ የፈጀው ነገር ይኸው ነበር።

ሌላ ቦታ ደግሞ ኢንዴክሱ ሎወር(ስም)፣ ኩዌሪው ሎወር(ትሪም(ስም))። ዳር ያለ ክፍት ቦታ የሚቆርጠውን ትሪም አንዱ ፕሮግራመር «ለጥንቃቄ» ብሎ ጨምሮት ነው። ክፍት ቦታ የሚቆረጠው ዳታው ሲገባ ነው እንጂ በየፍለጋው አይደለም! ኮዱ የሚመስላችሁን ትታችሁ ሎጉ ላይ የወጣውን ኩዌሪ ቃል በቃል እዩ። ኢንዴክሱ ያንኑ መምሰል አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ እየሠራ ያለ ሲስተም ላይ ኢንዴክስ በተራው መንገድ አትሥሩ፤ እስኪያልቅ ድረስ ቴብሉ ላይ መጻፍ ይቆማል። «ኮንከረንትሊ» የሚለውን ጨምሩ። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞች) ውስጥ አይሠራም። መሃል ላይ ከከሸፈ ደግሞ «ኢንቫሊድ» የሆነ ኢንዴክስ ጥሎ ይሄዳል። ለፍለጋ አይጠቅምም፣ መጻፉን ግን ያዘገያል። አጥፉትና እንደገና ሥሩ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንዴክሱን ዩኒክ (ድግግሞሽ የማይቀበል) ካደረጋችሁት እና እምቢ ካለ፣ በፊደል መጠን ብቻ የሚለያይ አንድ ኢሜይል ሁለት አካውንት አለው ማለት ነው። መጀመሪያ እነሱን አጽዱ።

ፍለጋው ከቃሉ መሃል ከሆነ፣ ማለትም በ«ላይክ» (በከፊል ጽሑፍ በሚፈልገው ትእዛዝ) ውስጥ «ማንኛውም ጽሑፍ» የሚለው ፐርሰንት ምልክት ከፊት ካለ፣ ከላይ ያለው ሁሉ አይሠራም። ቢ-ትሪ፣ ማለትም ተራው ኢንዴክስ፣ ከመሃል መጀመር አይችልም። የፖስትግሬሱን የትራይግራም ኤክስቴንሽን ጫኑና ጂን የሚባለውን የኢንዴክስ ዓይነት ሥሩ። «አይላይክ»ን (ፊደል የማይለየውን ላይክ) የምትጠቀሙ ከሆነ በራሱ በኮለሙ ላይ ይበቃል። ጃንጎ ከሆነ ያው በአፐር ነው። ትራይግራም ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል ስለሚቆርጠው፣ ተጠቃሚው መሃል ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ከፈለገ አይረዳችሁም። የፍለጋው ሳጥን ከሦስት ፊደል በታች አይቀበል። ጂን መጻፍን እንደሚያከብድም እወቁ። «ለማንኛውም» እያላችሁ ኮለሙ ሁሉ ላይ አትለጥፉት።

ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ትራይግራም አያስፈልግም። የሎወር ኢንዴክሱ ላይ «ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» ጨምሩ። ኮሌሽኑ (ፊደላት የሚወዳደሩበትና የሚደረደሩበት ሕግ) «ሲ» የሚባለው ካልሆነ ያለዚህ «ላይክ» ኢንዴክሱን አይጠቀምም።

ወደ ሌሎች ዳታቤዞች ስንመጣ፣ ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ መደበኛው ኮሌሽን መጀመሪያውኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። እዚያ ሎወር መጨመር ያለውን ኢንዴክስ መግደል ነው። አውጡት፣ በቃ።

ኤስኪውላይት ላይ ፊደል የማይለይ፣ ኢንዴክስ የሚሠራበት «ኖኬዝ» የሚል ኮሌሽን አለ፤ የሚያውቀው ግን 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ነው።

የቱርክኛ ዳታ ካላችሁ ሎወር ከማድረጋችሁ በፊት ኮሌሽኑን እዩ። ነጥብ ያለው እና ነጥብ የሌለው አይ እዚያ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።