የተፈጨ ሥጋና ቦሎቄ በኦቨን፦ ደጋ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደብረ ብርሃን ላይ ቦሎቄ መቀቀልና ሸዋ ሮቢት ላይ መቀቀል ጨርሶ አይገናኝም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 96 ይጠጋል፤ ወደ መንዝ ከተወጣ ደግሞ 90 ላይ ይቀራል። እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። እንግዲህ ከሌላ አገር የመጣ አሠራር ይዘን «1 ሰዓት ቀቅሎ ትሪ ላይ መገልበጥ» የሚለውን እንዳለ ብናምን ለራት የምናቀርበው ጥሬ ቦሎቄ ነው።

ካሰሮል፣ ማለትም ተቀላቅሎ ትሪ ላይ ሆኖ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ምግብ፣ ለቤተሰብ የሚያዋጣ ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ብቻውን 6 ሰው አያጠግብም፤ ከቦሎቄ ጋር ሲጋገር ግን ለነገም ይተርፋል። ሥጋ በዚህ ዋጋ ተገዝቶ ምግቡ ሲደፋ ስለሚያንገበግበኝ ነው ይህን የምጽፈው።

መነሻ ልኬቱ ይኸው፦ ለ6 ሰው ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 4 የበሰለ ቲማቲም ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጥቂት ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ጨው። ላዩ ላይ የተፈረፈረ ዳቦ ወይም የተፋቀ ፎርማጆ። ቦሎቄው ለብቻው፣ ሥጋው ለብቻው፣ ቁሌቱም ለብቻው በስሎ ካለቀ በኋላ ተቀላቅሎ ትሪ ላይ ይደረጋል፤ በ180 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ኦቨን ያልበሰለውን ያበስልልኛል ብሎ መተማመን ከሚከተሉት ችግሮች የብዙዎቹ እናት ነው።

ቦሎቄው ቢጣድ ቢጣድ አልበስል አለ

መጀመሪያ በትክክል መብሰል አለመብሰሉን እዩ። ከድስቱ ከተለያየ ቦታ 5 ፍሬ አውጡና አንዱን በቢላዋ ለሁለት ክፈሉት። መሃሉ ላይ ከዳሩ የነጣ፣ ደረቅ ያለ ክብ ከታየ ልቡ ገና ነው። የቀሩትን በምላስና በላንቃ መካከል ተጫኗቸው፤ ጥርስ ሳይነካቸው መፈረጥ አለባቸው። ሦስቱ ፈርጠው አንዱ እንቢ ካለ ድስቱ አይወርድም።

ምክንያቱ ከፍታው ብቻ ከሆነ መፍትሄው ጊዜ ወይም ፕሬዠር ነው። በተራ ድስት የተዘፈዘፈ ቦሎቄ እዚህ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ፕሬዠር ድስት ውስጥ ግን እንፋሎቱ ታምቆ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ከጮኸ በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። ቦሎቄ አረፋ ስለሚያወጣና አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ስለሚደፍን ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አንድ ማንኪያ ዘይትም ጠብ አድርጉበት።

ሁለተኛው ምክንያት እርጅና ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከርሞ የወጣ ቦሎቄ ውስጡ ስለሚጠነክር ቢቀቅሉትም አይላላም። ደጋው የባቄላ አገር ነው፤ ቦሎቄው ከቆላ ስለሚመጣ መቼ እንደተወቃ ገዢው አያውቅም። ቆዳው ደብዝዞ የተሸበሸበ፣ የተሰነጠቀና የተነቀዘ የበዛበትን ተዉት። ከዚህ በላይ የሚጎዳው አዲሱንና አሮጌውን ቀላቅሎ መቀቀል ነው፤ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ምንም መፍትሄ የለውም። ቤት ካለው ላይ አዲስ ሲገዛ በየዕቃው ይቀመጥ።

ሦስተኛው የመዘፍዘፊያው ነገር ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ጠዋት ላይ በደንብ ጠጥቶ አያድርም፤ ቅዝቃዜ ውሃው ወደ ውስጥ መግባቱን ያዘገየዋል። ለብ ባለ ውሃ ጀምሩ፣ ዕቃውንም ምድጃ አጠገብ አሳድሩት። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይግባበት። ጨው ቦሎቄ ያጠነክራል የሚለው ወሬ ለመዘፍዘፊያው አይሠራም፤ እንዲያውም ቆዳውን ያላላዋል። ጠዋት ውሃው ተደፍቶ ይታጠባል።

አራተኛው ውሃው ራሱ ነው። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ ውሃችሁ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ካልሲየም ደግሞ የቦሎቄን ቆዳ ያጠብቀዋል። ውሃውን ቀድማችሁ አፍልታችሁ አስቀምጡት፤ ሲጠል ከላይ ያለውን ብቻ ቀድታችሁ ተጠቀሙ። ለግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ መጨመርም ይረዳል። ከዚያ ካለፈ ግን ቦሎቄው ይላሽቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አምስተኛው፣ በየቤቱ የማየው፣ ቲማቲም ቀድሞ መግባቱ ነው። ቲማቲምም ድልህም ሎሚም አሲድ አላቸው፤ አሲድ ያገኘ ቦሎቄ ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን ቢጣድ አይበስልም። ለሙከራ የተጫናችሁት ፍሬ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ሳይፈርጥ ቲማቲም ድስቱን አይንካ። ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ቦሎቄውን ከመረቁ አጥልላችሁ፣ አጥባችሁ፣ በአዲስ ውሃና በጥቂት ሶዳ መልሳችሁ ፕሬዠር ውስጥ ክተቱት፤ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ቦሎቄ ጠፍቶ በባቄላ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የደረቅ ባቄላ ቆዳ ቢበስልም አፍ ላይ እንደ ላስቲክ ይቀራል። አንድ ሙሉ ቀን ዘፍዝፎ ልጦ መቀቀል ነው፤ እጅ ያደክማል፣ ግን ጣዕሙ ከሥጋ ጋር ከቦሎቄ አያንስም።

ከራት በኋላ ቤተሰቡ አስታወከ፣ ሆዱን ቆረጠው

ይህን አደራ በጥሞና አንብቡልኝ። ከተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከባድ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ከመጣ፣ ካሰሮሉም የተሠራው በቀይ ቦሎቄ ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ያልበሰለ ቦሎቄ ነው። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው፤ 4 ወይም 5 ያልበሰለ ፍሬ ሰው ለማሳመም ይበቃል። መርዙ የሚጠፋው ቦሎቄው በኃይል ሲንተከተክ ነው። ለስ ባለ እሳት ላይ ቀስ ብሎ መሞቁ አይበቃም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ዘፍዝፎ በቀጥታ ትሪ ላይ አድርጎ ኦቨን ውስጥ መክተት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ኦቨኑ 180 ቢልም የትሪው መሃል ለረጅም ጊዜ ከ80 ዲግሪ በታች ሊቆይ ይችላል።

መፍትሄው ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ለ30 ደቂቃ እያንተከተኩ ማፍላት፣ ከዚያ እስኪበስል መቀጠል ነው። እኛ ጋ ውሃው በ91 ዲግሪ ስለሚፈላ ለቀይ ቦሎቄ ፕሬዠርን እመርጣለሁ፤ ልጆችና ሽማግሌዎች በሚበሉበት ቤት ደግሞ ይበልጥ። አሞት ማስታወኩ አልቆም ያለውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሆድ መንፋት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የመዘፍዘፊያውን ውሃ መድፋት ይቀንሰዋል።

ሥጋው ደርቆ ጠጠር ሆነ

አብዛኛውን ጊዜ የተገዛው የክትፎ ሥጋ ነው። የክትፎ ሥጋ ጅማትና ጮማ የሌለው ቀይ ተመርጦ ነው የሚፈጨው፤ ርጥበቱን የሚያገኘው ከቅቤው ነው። ያንኑ ጠብሶ ግማሽ ሰዓት ኦቨን ውስጥ መክተት ማድረቅ ነው። ሥጋ ቤት ስትገቡ ከትከሻ ወይም ከፍሪምባ፣ አንድ አምስተኛው ጮማ የሆነ ይፈጭልኝ በሉ። ቀዩን ገዝታችሁ ከሆነ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጨምሩበት። በግ ታርዶ ከሆነ ከመንዝ በግ ላት ጥቂት ከትፎ መቀላቀልም ጥሩ ነው፤ ጥቂት ያልሁበትን ምክንያት ከታች ታገኙታላችሁ።

ሌላው ምክንያት ግማሽ ኪሎውን በአንድ ጊዜ ጠባብ ድስት ውስጥ መገልበጥ ነው። ድስቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ በዚያው ውሃ ይቀቀልና ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሰፊ ድስት በደንብ ይጋል፤ ሥጋው ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይግባ። ጆሯችሁን ስጡት፦ መጀመሪያ ውሃው ሲንፈቀፈቅ ይሰማል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ወደ ቸስ ቸስ ይለወጣል፣ ሽታውም ከቅቅል ወደ ጥብስ ይዞራል። ከዚያ በኋላ 2 እና 3 ደቂቃ ሳይነካ ይቆይና ታቹ ቡናማ ሲሆን ይገላበጥ። ጨው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ጥሬው ሥጋ በጨው ከታሸ ይጣበቅና እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

ቀይ የቀረበት ቦታ መኖር የለበትም። የተፈጨ ሥጋ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ውስጡ ገብቶ ይደባለቃል፤ የኮሶውም ነገር አለ። ቴርሞሜትር ያለው 71 ዲግሪ መድረሱን ይይ።

በርበሬው ጥሬ ሸተተ፣ ወይም መረረ

ጥሬ የሚሸተው በርበሬው ከቦሎቄው መረቅ ጋር በቀጥታ ስለተበጠበጠ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ ውሃውን ይጨርስ፣ ዘይት ይግባ፣ ከዚያ በርበሬው ገብቶ በለስላሳ እሳት ጠብ ጠብ በሚል ሙቅ ውሃ እየታሸ 15 ደቂቃ ይቁላላ። የመረረ ከሆነ አርሯል፤ ስኳር ቢጨመርበት አይመለስም። ቁሌቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ከሥጋው ጋር አብሮ ከመድፋት ይሻላል። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ነው።

ትሪው ላይ ውሃ አቆረ፤ ወይም ደርቆ ተሰነጠቀ

ያቆረው ቦሎቄው ከነመረቁ ስለተገለበጠ ነው። አጥልሉት፣ መረቁን ግን አትድፉት። ከ1 ኩባያ ያልበለጠ መልሳችሁ ጨምሩ፤ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ በማንኪያ ጀርባ ፈጭታችሁ ብታዋህዱት ያወፍረዋል። ትሪ ላይ ሲገባ እንደ ወፈር ያለ ምስር ወጥ መሆን አለበት። የደጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ኦቨን ውስጥ ቶሎ ያደርቃል፤ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ በፎይል ሸፍኑት፣ ለመጨረሻው 10 ደቂቃ ግለጡት። ደርቆ ከወጣ ያስቀራችሁትን መረቅ አሙቃችሁ ከዳር ዳር አፍስሱበት።

ላዩ አረረ፣ መሃሉ ቀዘቀዘ

ትሪው ጥልቅ ነው፣ ወይም ቀዝቃዛ ቦሎቄ ነው የገባው። ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የላዛኛ ትሪ ይበቃል። ሁሉም ትኩስ እንዳለ ይግባ፤ ፎርማጆው መጨረሻ ላይ።

ኦቨን የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ሰው ድፎ እንደሚጋገረው ያድርግ፦ ከታች ለስ ያለ ከሰል፣ ከላይ በብረት ክዳኑ ላይ ፍም። ሁሉም ነገር ቀድሞ ስለበሰለ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የላይኛው ፍም ከታችኛው ይብዛ፤ አለዚያ ታቹ ይያዛል።

ሳህን ላይ ጮማው ረጋ

የደብረ ብርሃን ምሽት የሚያመጣው ነው። የበሬ ጮማ ከ40 ዲግሪ በላይ እያለም መርጋት ይጀምራል፤ የበግ ላት ሲጨመርበት ከከንፈርና ከላንቃ ላይ አልለቅ ይላል። ላቱን ጥቂት ያልሁት ለዚህ ነው። ሥጋው ተጠብሶ ሲያልቅ ድስቱን አዘንብላችሁ የተጠራቀመውን ጮማ ከሁለት ማንኪያ በስተቀር ቅዱት፤ የቀረውን ጎድሎ ከሆነ በዘይት ሙሉት። ሳህኖቹን በሙቅ ውሃ አሙቁ፣ ወይም ኦቨን ውስጥ አሙቃችሁ ጣባ ላይ አቅርቡ። ትሪውንም እየቀዳችሁ ቶሎ ክደኑት።

የተረፈው ማግስቱን ሸተተ

ውጭው ብርድ ነው ብሎ ጥልቅ ድስት ከነክዳኑ ማሳደር ያታልላል። ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሃሉ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሥጋና ቦሎቄ ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ ናቸው። ከራት በኋላ የተረፈውን ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ክተቱት። ለቁርስ ሲሞቅ እስኪንተከተክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከ3 ቀን በላይ አይቆይ።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ደግሞ ማክሰኞ አንድ ኪሎ ቦሎቄ አንድ ላይ ይቀቅል። ሥጋውና ቅቤው ከመግባታቸው በፊት ግማሹን በንጹሕ ዕቃ አንሥቶ ያስቀምጥ፤ ረቡዕ በዘይት ቁሌትና በቲማቲም ተጋግሮ የጾም ራት ይሆናል። የሥጋው ጭልፋ ግን እዚያ ዕቃ ውስጥ እንዳይገባ።