የእንግሊዝኛ መደበኛ ግሶች እርባታ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና በደብተሮቻቸው ላይ በቀይ የማሰምርባቸው ስህተቶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። መደበኛ ግስ ማለት ሃላፊ ጊዜውን መጨረሻው ላይ «ኢ» እና «ዲ» በመጨመር ብቻ የሚያስገኝ በመሆኑ ከሁሉም የቀለለው ነው። ተማሪው በዚህ ቀላል ግስ የሚሰናከለው ደንቡ ጠፍቶት ሳይሆን የአማርኛውን የእርባታ ልማድ ይዞ ስለሚገባ ነው። በአማርኛ ባለቤቱንም ጊዜውንም አሉታውንም የሚሸከመው ግሱ ራሱ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን ሸክሙ ብዙ ጊዜ ወደ ረዳት ግሱ ይዛወራል።

ምልክት፦ «ዲድ ኖት» ካለ በኋላም ግሱ በሃላፊ ጊዜ ይጻፋል

አንድ የመንዝ ልጅ አባቱ ዘንድሮ ገብስ እንዳልዘራ ሊነግረኝ ፈልጎ «ማይ ፋዘር ዲድ ኖት ፕላንቲድ ባርሊ» ብሎ ጻፈ። «ዲድ» ሃላፊ ጊዜ መሆኑን ያውቃል፤ ግን አላመነውም። ምክንያቱ ከእኛው «አልሠራም» የሚመጣ ይመስለኛል። በዚህ ቃል ውስጥ «ራ» ጠብቆ ሲነበብ «እሱ ትናንት አልሠራም» ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ «እኔ ነገ አልሠራም» ይሆናል። ጊዜውም ባለቤቱም የተደበቁት በማጥበቅና በማላላት ውስጥ ነው፤ ጽሑፉ ላይ የሚታይ ልዩነት የለም። አሉታውና ጊዜው በአንድ ግስ ላይ ተጣብቀው ማየት የለመደ ሰው ጊዜውን ለረዳቱ ብቻ ትቶ ማለፍ ይከብደዋል።

መፍትሄው «ዲድ» በገባበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ዋናውን ግስ ወደ ባዶ መልኩ መመለስ ነው። ልጁ ረዳቱን በእርሳስ እንዲያከብበው፣ ከዚያ የዋናውን ግስ ጅራት በላጲስ እንዲያጠፋው አደረግሁ፤ «ዲድ ኖት ፕላንት» ብቻ ቀረ። በጥያቄም እንደዚሁ «ዲድ ሺ ፕላንት» ይባላል። «ደዝ» ሲገባም የግሱ «ኤስ» ወደ «ደዝ» ስለሚሄድ «ደዝ ሺ ወርክስ» ሳይሆን «ደዝ ሺ ወርክ» ነው።

ምልክት፦ «አይ ኢዝ ወርኪንግ»፣ «ዘይ ኢዝ ወርኪንግ»

ይህ ስህተት ከንባብ ጉድለት የመጣ ቢመስልም ሥሩ አማርኛ ነው። «እየሠራሁ ነው፣ እየሠራሽ ነው፣ እየሠሩ ነው» ስንል የሚለዋወጠው ግሱ ሲሆን «ነው» ከቦታው አይነቃነቅም። እንግሊዝኛው የዚህ ግልባጭ ነው፤ «ወርኪንግ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሆኖ ሲቀር የሚለዋወጡት «አም፣ ኢዝ፣ አር» ናቸው። ሁለቱን እርባታዎች ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አስጽፋችሁ የቱ ዓምድ እንደሚንቀሳቀስ ልጁ ራሱ በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ምልክት፦ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

«ሠራሁ፣ ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠራችሁ፣ ሠሩ» የሚለው ስምንት መልክ በእንግሊዝኛ አንድ «ወርክድ» ብቻ ነው። ተማሪው በዚህ ይደሰታል፤ ነገር ግን ሠሪውን ከግሱ መለየት ስለማይቻል ባለቤቱ ሁልጊዜ ፊት ለፊት መቆም እንዳለበት ይዘነጋና «ዬስተርዴይ ወርክድ» ብሎ ይጽፋል። «ማን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በአሁን ጊዜ «ሂ ወርክ» እያለ «ኤስ»ን የሚረሳውም ከዚሁ አይርቅም፤ ከሌሎቹ ባለቤቶች ጋር ግሱ ሳይለወጥ ስላየው «ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ለብቻቸው መሆናቸውን ይረሳል።

የአጻጻፉ ጉዳይ በአጭሩ ያልቃል። «ስተዲ» በ«ዋይ» ስለሚያልቅና ከፊቱ ተነባቢ ስላለ «ዋይ»ው ወደ «አይ» ይለወጣል፤ «ፕሌይ» ግን ከ«ዋይ» በፊት አናባቢ ስላለው እንዳለ ይቆያል። «ስቶፕ» ደግሞ አጭር አናባቢና አንድ የመጨረሻ ተነባቢ ስላለው «ፒ»ውን ይደግማል።

ምልክት፦ ሁሉንም በ«ኢድ» ማንበብ

እስካሁን «ወርክድ» እያልሁ የጻፍሁት በክፍል ውስጥ እንደምንጠራው ሲሆን ትክክለኛው ንባብ ግን «ወርክት» ነው። ብዙ ተማሪ «ወርኪድ» የሚለው የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ለማንበብ ስለሚጥር ነው። «ኢድ» ተብሎ የሚነበበው ግሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ «ዎንቲድ» እና «ኒዲድ» ለምሳሌ ይሆናሉ። ከዚያ ውጭ እንደ «ክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ» ካሉ ጉሮሮ ከማያንቀጠቅጡ ድምፆች በኋላ «ት»፣ ከሌሎቹ በኋላ «ድ» ነው። ጣትን ጉሮሮ ላይ አድርጎ መሞከር ልዩነቱን ያሳያል። አፋችን አይችልም የሚል ካለ፣ የደብረ ብርሃን ሰው በየማለዳው «ብርድ» ሲል «ር»ንና «ድ»ን ያለ አናባቢ ያጋጥማቸው የለም ወይ? «ሼርድ» የሚያልቀውም እንደዚሁ ነው።

ምልክት፦ «አይ ሃቭ ፊኒሽት ዬስተርዴይ»

በአማርኛ «ትናንት ጨርሻለሁ» ማለት ምንም ነውር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ» ያለበት ግስ ካለፈና ከተወሰነ ቀን ጋር አይሄድም፤ «ትናንት» ከተጠቀሰ «ሃቭ» ይወጣል፣ «ሃቭ» መቆየት ካለበት «ትናንት» ይወጣል።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ስህተት ግን ስለ ከተማችን ታሪክ ሲጽፉ የሚመጣው ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን መቆርቆራቸውን ለመግለጽ «ፋውንድ» ብለው ያቆማሉ፤ ይህም ንጉሡ ከተማዋን ጠፍታባቸው «አገኟት» እንደማለት ነው። «ማግኘት» ማለት የሆነው «ፋይንድ» መደበኛ ያልሆነ ግስ በመሆኑ ሃላፊ ጊዜው «ፋውንድ» ይሆናል። «መቆርቆር» ማለት የሆነው «ፋውንድ» ግን ራሱን የቻለ መደበኛ ግስ ነው፤ በ«ድ» ስለሚያልቅም ሃላፊ ጊዜው «ፋውንዲድ» ነው።